መልስ፦ በአሮጌ ሊሾ ላይ ሴራሚክ ማንጠፍ

ወንድሜ፣ ፒያሳ ያለው የቤተሰብ ቤት ሊሾ ይፍረስ ወይስ እላዩ ላይ ሴራሚክ ይነጠፍ ብለህ ጠይቀሃል። ጠንካራ ከሆነ አታፍርሰው። ግን እንዳለ አይነጠፍበትም።

መጀመሪያ በመዶሻ እጀታ ወለሉን በሙሉ ቀስ እያልክ አንኳኳ። ባዶ ድምፅ የሰጠውን ቦታ በጠመኔ ክበበው፤ ከሥሩ ስለለቀቀ ተነስቶ እንደገና መሞላት አለበት። ስንጥቅ ካለ በጣትህ ዳብሰው። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ወለሉ እየሰመጠ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳታውቅ ብታነጥፍ ሴራሚኩ እዚያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል።

ዋናው ጠላት ግን ሰም ነው። የድሮ ሊሾ ለዓመታት ሰም ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ማጣበቂያ ደግሞ ሰም ላይ አይዝም። በሳሙና ማጠብ ብቻ አይበቃም። ላይኛውን ልስላሴ በግራይንደር ወይም በመሮ አሻክረው። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው፣ እባክህ ማስክ አድርግ። ጠርገህ ካጠብክ በኋላ ሲደርቅ ጠብታ ውሃ ጣል አድርግበት። ድብልብል ብሎ ከቆመ ሰሙ አለ፤ ከሰረገ ጥሩ ነው። ባለሙያው «ሲሚንቶ በጥብጬ ባፈስበት ይበቃል» ቢልህ እሺ እንዳትል። ሰም ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ከነሴራሚኩ ይነሳል።

ክፍሉ ምድር ላይ ከሆነ፣ በተለይ በክረምት፣ ላስቲክ አንጥፈህ ጠርዙን በፕላስተር አሽገውና አሳድረው። ከላስቲኩ ሥር ላብ ካየህ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሳትለይ አትጀምር።

በሩንም ለካ። ወለሉ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ከታች መቆረጡ አይቀርም።