«ለዳይሬክተሯ እነግራለሁ» ለምን አልበቃም?

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ዴይኬር ለረዳት መምህርነት ቃለ መጠይቅ አድርጌ ነበር። «አንድ ልጅ በልዞ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲሉኝ «ለዳይሬክተሯ እነግራለሁ» አልኩ፤ መልሴ እንዳላስደሰታቸው ፊታቸው ያስታውቅ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ቀጠሮ አለኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? ደግሞስ ልጁ የሐበሻ ልጅ ቢሆን፣ በእኔ ጥቆማ ቤተሰብ ቢበተንስ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ መልስሽ የወደቀው ግዴታውን ለሌላ ሰው ስላስረከበ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ የዴይኬር ሠራተኛ፣ ረዳትም ብትሆኚ፣ ማንዴትድ ሪፖርተር ነሽ፤ በልጅ ላይ ጥቃት ደርሷል ብለሽ ስትጠረጥሪ የመጠቆም ሕጋዊ ግዴታ አለብሽ ማለት ነው። ኃላፊነቱ የድርጅቱ ሳይሆን በግል የአንቺ ነው፤ ሥራ ስትጀምሪ ይህን ማወቅሽን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈርሙሻል። ለዳይሬክተሯ መንገር ነውር የለውም፣ ግን ጥቆማውን አይተካም። እሷ «ቆይ እስኪ እናጣራ» ብላ ነገሩ ተድበስብሶ ቢቀር አንቺም ትጠየቂያለሽ፤ ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስራት፣ ወይም እስከ 1,000 ዶላር፣ ወይም ሁለቱም ነው። በአንጻሩ አለቃ ጥቆማን ማገድም ሆነ የጠቆመን ሠራተኛ መቅጣት አይችልም። ሁለት ሆናችሁ ካያችሁ ተስማምታችሁ አንዳችሁ ልትደውሉ ትችላላችሁ፤ አለመደወሏን ካወቅሽ ግን ስልኩን አንሺ።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቁ እንዲህ በይ፦ «ያየሁትንና የሰማሁትን ወዲያው እጽፋለሁ፣ ልጁን አልመረምርም፣ ለካውንቲው የሕፃናት ጥበቃ ወይም ለፖሊስ ሳልዘገይ እደውላለሁ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ የጽሑፍ ሪፖርቱን እልካለሁ፣ ለዳይሬክተሯም አሳውቃለሁ።» ቅደም ተከተሉን የሚያውቅ ሰው ሲሰሙ ይለያሉ።

ሕጉ ማስረጃ አይጠይቅሽም፤ የሚጠይቅሽ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ነው። ማን አደረገው የሚለውን ማጣራት የሌሎች ሥራ ነው። የአንቺ ሙያ ማየት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሚሮጥ ልጅ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙና ግንባሩ ቢበልዝ የተለመደ ነው። ከ4 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደረቱ፣ ሆዱ፣ ጀርባው፣ ጆሮው ወይም አንገቱ ላይ ሲበልዝ ግን ቆም ብለሽ አስቢ። ገና ያልዳኸ የጥቂት ወር ሕፃን የትም ቦታ ቢበልዝ ያሳስባል፤ ራሱን የሚያጋጭበት አቅም የለውምና። የቀበቶ ዘለበት፣ የሽቦ እጥፋት ወይም የመዳፍ ቅርጽ ያለው ሰንበርም እንደዚሁ። ሙቅ ውሃ ሲፈናጠቅ የሚተወው ቃጠሎ ዳሩ የተበታተነ ነው፤ እግር ተይዞ ሲነከር ግን እንደ ካልሲ አፍ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል። ከቀለሙ ተነስተሽ «የሦስት ቀን በለዝ ነው» አትበይ፤ ሐኪምም በዚህ ዕድሜውን በትክክል መለየት አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ብዙ የእኛ ሕፃናት ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ግራጫ ምልክት ይዘው ይወለዳሉ። የማያውቅ ሰው በለዝ ይለዋል። ይህ ቀለሙ በቀናት ውስጥ አይለወጥም፣ ሲነኩትም አያምም። ልጁ ሲመዘገብ ከወላጁ ጋር ሆኖ በፋይሉ ላይ ማስፈር ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ልጁን ስታናግሪ «ምን ሆነህ ነው?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። «አባባ መታህ?» ካልሽው መልሱን አንቺ ሰጠሽው ማለት ነው፤ በኋላ በባለሙያ ሲጠየቅ ቃሉ የእሱ ይሁን የአንቺ መለየት ያስቸግራል። ልብሱን አታስወልቂ፣ በራስሽ ስልክ ፎቶ አታንሺ፣ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ።

ስትጽፊ «ተደብድቦ መጣ» አይባልም። «ጠዋት 8፡20፣ ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ሳንቲም የሚያህል ሐምራዊ በለዝ አየሁ። ምን ሆነህ ነው ስለው ‹ማሚ ተናደደች› አለ። እናቱ ከአልጋ ወደቀ ብላለች» ይባላል። የልጁ ቃል እንዳለ፣ በተናገረበት ቋንቋ ይጻፍ።

የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የጥቆማ መስመር 1-800-540-4000 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል። ልጁ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ 911 ነው። የልጁን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ አሁን የት እንዳለ፣ ዛሬ ማን እንደሚወስደው፣ እቤት ሌሎች ልጆች መኖራቸውን ይጠይቁሻል። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚነገር ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ፣ አስተርጓሚ እንዲመደብ። አስተርጓሚዋ ግን አንቺ መሆን የለብሽም። ስልኩን ያነሳውን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን መዝግቢ። 36 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከደወልሽበት ሳይሆን መረጃውን ካገኘሽበት ጊዜ ነው፣ ቅዳሜና እሑድም አያቆሙትም፤ ዓርብ አመሻሽ ያየሽው እሑድ ማለዳ ላይ ይሞላል። የጽሑፍ ሪፖርቱ ቅጽ 8572 የሚባለው ነው። በስልክ «ይህ ለምርመራ አይበቃም» ቢሉሽ እንኳ ቅጹን ላኪ።

ስለ ሐበሻው ቤተሰብ ያነሳሽው ፍርሃት የዋዛ አይደለም፤ በየማኅበሩ «ልጅ ይነጥቃሉ» ሲባል ይሰማል። እውነቱ ግን ጥቆማ ሁሉ ልጅ አያስወስድም። ማኅበራዊ ሠራተኛ እንደ ጉዳዩ ክብደት ወዲያው ወይም በ10 ቀን ውስጥ ሄዶ ያያል፤ ብዙው ጉዳይ ልጁ ቤቱ እያለ ይዘጋል። የካሊፎርኒያ ሕግ መቀመጫ ላይ የሚደረግን፣ ዕድሜን ያገናዘበና ከባድ ጉዳት ያላደረሰ ቅጣት ከጥቃት አይቆጥረውም፤ ዴይኬሩ ውስጥ ግን መዳፍ ማንሳት ጨርሶ ክልክል ነው። ድህነትም ቸልተኝነት አይደለም፦ ከ2023 ጀምሮ ሕጉ የወላጅን የኢኮኖሚ ችግር ከቸልተኝነት ለይቶ አውጥቶታል። ልጁ በክረምት ስስ ጃኬት ለብሶ ቢመጣ የሚያስፈልገው ጃኬት ነው።

ስምሽን ለካውንቲው መስጠት አለብሽ፤ ለቤተሰቡ ግን በሚስጥር ይያዛል። ጥርጣሬሽ ስህተት ሆኖ ቢገኝም በፍትሐ ብሔርም ሆነ በወንጀል አትከሰሺም። ሚስጥሩን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ጠቋሚው ነው፤ ቡና ላይ ለጓደኛ ይነገራል፣ ጓደኛዋ እናቲቱን ታውቃለች።

ከቀጠሮሽ በፊት የስቴቱን ነጻ የማንዴትድ ሪፖርተር የኦንላይን ስልጠና ውሰጂ፤ አጠቃላዩንም የዴይኬሩንም ክፍል። ሕጉ ለአዲስ ተቀጣሪ 90 ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። ሰርተፊኬቱን አስቀድመሽ ይዘሽ ከሄድሽ፣ ሲቪሽ ላይ የወሰድሽበትንና የሚታደስበትን ቀን አብረሽ ጻፊ።