«አትፍረዱ» ማለት «አትጠይቁ» ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የ39 ዓመት ሴት ነኝ። አባታችን ሲያርፍ ታናሽ ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን ሊያገባ ነው። ልጅቷ ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ይዛ የተመለሰች ናት። አንዲት ጎረቤታችን «እዚያ የነበራት ኑሮ ደኅና አልነበረም» ብላ ነገረችን። እኔና እናቴ አይሆንም አልን። ወንድሜ «ቃሉ አትፍረዱ ይላል» ብሎ አኮረፈ፤ ከተነጋገርን ሁለት ወር አለፈን። እኔ ለእሱ ብዬ ነው። መጠየቅም ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጠየቅስ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ከደብዳቤሽ እንደሚታየው ልጅቷን እስካሁን የጠየቃት የለም።

ወንድምሽ የያዘው ቃል ማቴዎስ 7፥1 ላይ ያለው ነው። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 5 መጀመሪያ ከራስህ ዓይን ምሰሶውን አውጣ፣ ከዚያ የወንድምህን ጉድፍ ለማውጣት አጥርተህ ታያለህ ይላል፤ ቁጥር 16 ደግሞ ሰው በፍሬው እንደሚታወቅ ይናገራል። ዮሐንስ 7፥24 በመልክ መፍረድን ከልክሎ ቅን ፍርድ ፍረዱ ይላል። እንግዲህ መመዘን አልተከለከለም። ሉቃስ 6፥37 «አትፍረዱ» ካለ በኋላ «አትኰንኑ» ብሎ ያስከትላል፤ የእናንተ ቤት ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኩነኔው ቀደመ፣ ምርመራው ቀረ። ኒቆዲሞስ በዮሐንስ 7፥51 ባልንጀሮቹን የጠየቃቸው ይህንኑ ነበር፦ ሕጋችን ሰውየውን ሳይሰማ ይፈርዳልን?

አእምሯችን እንዴት ወደዚህ እንደሚደርስ ልንገርሽ። የራሳችን ልጅ ፈተና ሲወድቅ ፈተናው ከብዶ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ሲወድቅ ሰነፍ ስለሆነ ነው። ሊ ሮስ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1977 ይህን ዝንባሌ መሠረታዊ የማሳበብ ስሕተት ብሎታል፦ የሌላውን ሰው ሁኔታ ዘለን ሁሉን በጠባዩ እናሳብባለን። ወሬ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ልጅቷ ዝም ብትል «የምትደብቀው አላት»፣ ብትናገር «ዓይን አውጣ» ትባላለች። ስለዚህ ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ምን ብታደርግ ሐሳቤን እቀይራለሁ? መልስ ካጣሽ ፍርዱ አስቀድሞ ተፈርሟል።

አሁን ወረቀት አውጪና ሦስት ቦታ ክፈይው፦ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የገመትሁት። በደብዳቤሽ ውስጥ «ያየሁት» የሚገባው ከቤሩት መመለሷና ልጅ ያላት መሆኑ ብቻ ነው። «የሰማሁት» የአንዲት ጎረቤት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አጠገቡ ጎረቤቲቱ ራሷ አይታ እንደሆነ ወይም ከማን እንደሰማች ጻፊ። ዘዳግም 19፥15 በሰው ላይ ነገር እንዲጸና ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃል፤ ወሬ ደግሞ በአሥር ሰው አፍ ቢዞርም ምንጩ አንድ ከሆነ ያው አንድ ነው። የቀረው ሁሉ ሦስተኛው ቦታ ላይ ይገባል። ካህኑ ዔሊም በልቧ ትጸልይ የነበረችውን የሐናን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ፤ ድምፅ አልሰማም። ያየው እውነት ነበር፤ «ሰክራለች» ያለው ግን ግምት ነው። የሚያስመሰግነው ስትመልስለት መስማቱና ወዲያው ቃሉን መለወጡ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ላይ አንድ መስመር ስለ ራስሽም ጻፊ። እንደ እናት ያሳደግሽው ልጅ ከእጅሽ ሊወጣ ነው፤ ሐዘኑ ሐዘን ተብሎ ካልተጠራ ጥርጣሬ መስሎ ይመጣል። ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም።

ከዚያ ወንድምሽን አግኚው፤ ሽማግሌ አትላኪ፣ ነገሩ ይከብዳል። «ሳልሰማት እምቢ ብያለሁ፣ ተሳስቻለሁ። ላውቃት እፈልጋለሁ፤ የሚያሳስበኝም ነገር አለ» በይው። «ግን አንተም…» የምትለዋን አትጨምሪ፣ ይቅርታውን ታፈርሰዋለች።

ልጅቷን ቡና ላይ አስቀምጦ ከእናትሽ ጋር መጠያየቁን ተዪው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንዳስረዳው መቀራረብ ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ አብረው ለአንድ ነገር ሲሠሩና ታላላቆች ሲደግፉት ነው። አንዷ መርማሪ ሌላዋ ተከሳሽ ከሆነች ባሰ እንጂ አልተሻለም። ለበዓል ከልጇ ጋር ጥሪያት፤ ሽንኩርቱን አብራችሁ ክተፉ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተገናኙ፣ የመጀመሪያው ቀን በሁላችሁም ድንጋጤ ይበላሻልና። እናትሽ ልጁን በስሙ እንድትጠራው አስቀድመሽ ንገሪያት።

የምትጠይቂውን ደግሞ ለሁለቱም እኩል ጠይቂ፦ የቀደመ ጋብቻ ነበር? በሕግ ፈርሷል? ዕዳ አለ? ልጁን የማሳደግ ኃላፊነት እንዴት ታስቧል? ሠርጉ በቤተ ክርስቲያን ከሆነ ካህኑን አነጋግራችኋል? ከሰፈሯ ወጥታ የማታውቅን ልጅ የማትጠይቂውን እሷንም አትጠይቂ። «እዚያ ምን ትሠሪ ነበር» የሚለው እሷ ራሷ እስክታነሣው ይቆይ። የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደሽ ለማጣራት እንዳታስቢ፤ ለንስሐ አባት የተነገረ ምሥጢር ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ የሚያሰጋሽ የተጨበጠ ነገር ካገኘሽ፣ ለምሳሌ ያልፈረሰ ጋብቻ፣ ነገሩን በስሙ ጠርተሽ ሁለቱም ባሉበት አንድ ጊዜ ተናገሪ። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የወንድምሽ ነው። ጎረቤቲቱ እንደገና ከመጣች «ያየሽው ነው የሰማሽው?» በያት።