ኪዮቶን በአንድ ቀን፣ ከሚጾሙ እናትና ከሁለት ልጆች ጋር

ውድ እህታችን፣ ባለቤትዎ ለሥራ ወደ ኦሳካ በሚሄዱበት ሰሞን የአምስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችዎንና የ68 ዓመት እናትዎን ይዘው እንደሚጓዙ፣ ለኪዮቶ የተረፈዎት አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ወቅቱም ዐቢይ ጾም በመሆኑ እናትዎ ምን እንደሚቀምሱ እንዳሳሰበዎት ገልጸው፣ ከቤተ መቅደሶቹ፣ ከአትክልት ቦታዎቹና ከምግብ ገበያው የትኞቹን መምረጥ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ለትምህርት ኦሳካ ውስጥ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። እናቴ ልትጠይቀን የመጣችውም በዚያው በጾም፣ ኒቆዲሞስ በዋለበት ሳምንት ስለነበር፣ እርስዎ አሁን የሚያወጡትንና የሚያወርዱትን ነገር እኔም አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ያገኘሁትን ሳልቆጥብ እጽፍልዎታለሁ።

ምርጫዬን አስቀድሜ ልናገር። ጠዋት በወርቅ የተለበጠው ቤተ መቅደስ ኪንካኩጂ፣ ቀጥሎ በጠጠር መስኩ የሚታወቀው ቤተ መቅደስ ርዮአንጂ፣ ከሰዓት በኋላ የኒሺኪ የምግብ ገበያ፤ ሌላ አይጨምሩ። ኪዮቶ እ.ኤ.አ. ከ794 እስከ 1868 ድረስ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት መናገሻ ሆና የኖረች ከተማ ናት፤ በእርሷና በአካባቢዋ ካሉት ቅርሶች 17ቱ በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህን ሁሉ ሀብት አይቶ በአንድ ቀን ሰባት ቦታ ለመርገጥ መመኘት ያለ ነው። እኔም ከተማሪ ጓደኞቼ ጋር በመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት እንደዚያ ነበር፤ ማታ ላይ ግን የትኛው በር የየትኛው ግቢ እንደነበር መለየት አቅቶኝ ነበር። ከልጅና ከአረጋዊት እናት ጋር ሲሆን ደግሞ ቀኑን ሊወስነው የሚገባው የእናትዎ ጉልበትና የሚገድፉበት ሰዓት ነው፤ ቅደም ተከተሉን ያወጣሁትም በዚያ ነው።

ስለ እምነት ጉዳይ ባይጠይቁም ሳያስጨንቅዎት አይቀርም፤ እናቴ አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት በስልክ ያነሳችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጣዖት ቤት ልታስገባኝ ነው?» የሚል ነበር። እነዚህን ሁለት ቦታዎች የመረጥኩት በከፊል ለዚህ ነው። በኪንካኩጂ ሕንፃው ውስጥ ማንም ጎብኚ አይገባም፤ የሚታየው ከኩሬው ማዶ ሆኖ ነው። በርዮአንጂ ደግሞ ሰው የሚቀመጠው በረንዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ ጠጠሩ መስክ አድርጎ ነው። ስገድ፣ ዕጣን አጭስ ብሎ የሚያስገድድ የለም። ጫማ አውልቆ መግባቱ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ እናቴ ማንም ሳይነግራት መድረኩ ጋ ስትደርስ አውልቃ ነበር። የእንጨቱ ወለል ግን በዚያ ወቅት ይቀዘቅዛልና ወፍራም ካልሲ ያስይዙ፤ ለልጆቹም ማሰሪያ የሌለው ጫማ ይሻላል።

ከኦሳካ እስከ ኪዮቶ ጄ አር በተባለው የጃፓን የባቡር ድርጅት ፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከኪዮቶ ጣቢያ ወደ ኪንካኩጂ የሚሄደው 205 ቁጥር አውቶቡስ ቀጥተኛ ቢሆንም በዚያ ወቅት እየተጨናነቀ ስለሚጓዝ እናትዎ ቆመው ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ ካራሱማ በተባለው የምድር ውስጥ ባቡር እስከ ኪታኦጂ ይሂዱና ከዚያ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይያዙ። ለአውቶቡስና ለምድር ባቡር አንድ ላይ የሚያገለግል የቀን ትኬት አለ፤ ለአዋቂ 1,100፣ ለልጅ 550 የን ነው። የአምስት ዓመቱ ልጅ ከአዋቂ ጋር እስከሆነ ድረስ አይከፍልም፤ ለአራታችሁ 2,750 የን ማለት ነው። ሲሰላ ብዙ ገንዘብ አያተርፍም፤ የሚያተርፈው በየአውቶቡሱ በር ሳንቲም ከመቁጠር ነው። በአውቶቡስ የሚገባው በኋላ በር፣ ክፍያውም ሲወርዱ በፊት በር መሆኑን አይርሱ።

ኪንካኩጂ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ያን ሰዓት በር ላይ ይገኙ። ቤቱን በ1397 ያሠራው አሺካጋ ዮሺሚትሱ የተባለው የቀድሞ ሾጉን፣ ማለትም የጦር ገዥ ነው። ከሦስቱ ፎቆች የላይኞቹ ሁለቱ በወርቅ ቅጠል የተለበጡ ናቸው። ዛሬ የሚታየው ግን የጥንቱ አይደለም፤ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ እሳት ለቆበት ወድሞ በ1955 እንደገና ተሠራ፣ ወርቁም በ1987 በወፍራሙ ታደሰ። ይህን ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አስቀድሜ ነግሬአት ስለነበር «ያቃጠለው ለምን ነው?» እያለች ግቢውን እስክንጨርስ ጠየቀችኝ። መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ ስለማይቻል ፎቶግራፉን መጀመሪያ እንደደረሱ ከኩሬው ዳር ያንሱ። ወደ መጨረሻው የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ቀስ እያሉ ከወጡት አያስቸግርም። 40 ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ ርዮአንጂ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከልጆች ጋር በ59 ቁጥር አውቶቡስ መሄድ ይቀላል። ቦታው ትልቅ ስም ቢኖረውም፣ መስኩ ከ250 ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ ነጭ ጠጠር ላይ 15 ድንጋዮች በአምስት ቦታ ተቧድነው ተቀምጠዋል። ከድንጋዮቹ ሥር ካለው ለምለም አረንጓዴ በቀር ሣር የለም፣ አበባ የለም፣ ውኃም የለም። ማን እንደነደፈው በእርግጠኝነት አይታወቅም። አቀማመጡ ግን የታሰበበት ነው፤ በረንዳው ላይ የትም ቢቀመጡ ቢያንስ አንዱ ድንጋይ ከሌላው ጀርባ ይደበቃል። ለልጆችዎ ይህንን ሳይነግሯቸው «ስንት ድንጋይ አለ?» ብለው ይጠይቋቸው። የእኔ ልጆች 14 ቆጠሩ፤ ከበረንዳው ጫፍ ወደ ጫፍ ሄደው እንደገና 14 ቆጠሩ፤ ከዚያ በየትኛው ላይ እንደተሳሳቱ በሹክሹክታ እየተከራከሩ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ። ልጆቼ ዝም ባለ ቦታ ያን ያህል ጊዜ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ግን የተመለከተችው ድንጋዮቹን አልነበረም። ጎጃም ገጠር ያደገች የገበሬ ልጅ ናት። ጠጠሩ ጥርስ ባለው የእንጨት መሣሪያ በቀጥታ መስመር የተሰመረ፣ በየድንጋዩ ዙሪያ ደግሞ ክብ እየሠራ የሚዞር ነው። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ትልሙ አንድም ቦታ አልተዛነፈ፤ ይኼን ያረሰ ሰው ሲወጣ የእግሩን ዱካ የት አደረገው?» አለችኝ። ሦስት ዓመት ስመላለስ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣልኝም ነበር። ከዚያም የአጥሩን ግንብ አሳየችኝ። ጭቃው በዘይት ተቀቅሎ የተሠራ ስለሆነ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ዘይቱ እየወጣ ቡኒና ጥቁር ጥላ ሥሎበታል፤ እርሷ ወዲያው የጭቃ ቤት ምርጊት ብላ ለየችው። እናትዎም የገጠር ሕይወት የሚያውቁ ከሆነ እባክዎ አያጣድፏቸው፤ ፎቶ አንስቶ ለመነሳት ከሆነ ርዮአንጂ መሄድ አያስፈልግም። ለልጆቹ ደግሞ ከታች ሰፊ ኩሬ አለ፤ እየሮጡ የሚዞሩት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትዎ ልምጣ። በጃፓን ለሚጾም ሰው አስቸጋሪው ነገር ሥጋ አይደለም፤ ሥጋ ይታያል። አስቸጋሪው ዳሺ ነው። ዳሺ የሾርባው፣ የመረቁ፣ የወጡ ሁሉ መሠረት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ካትሱዎ ከሚባል ደርቆ ከተፈቀፈቀ ዓሣ ነው። መረቁ ጥርት ያለ ስለሆነ ዓሣ አለበት ብሎ የሚጠረጥር የለም። እናቴ በመጣች ማግስት አንድ ምግብ ቤት ወስጄ አትክልት ብቻ ያለበት የኑድል ሾርባ አዘዝኩላት፤ ሥጋ እንደሌለው ጠይቄ፣ የለውም ተብዬ ነበር። ግማሽ ያህል ከበላች በኋላ ከጎናችን የተቀመጠች ሴት መረቁ የዓሣ መሆኑን ነገረችኝ። እናቴ ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉትን አትቀበልም፤ ማንኪያውን አስቀምጣ «በስተርጅና ጾሜን አስገደፍሽኝ» አለች። ሳታውቀው እንደሆነ ብነግራትም ሌሊቱን በሙሉ አልተኛችም። ስለዚህ «ሥጋ አለው?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። «ካትሱዎ ዳሺ ሃይቴ ኢማስ ካ» ብለው ይጠይቁ፤ የዓሣ መረቅ ገብቶበታል ወይ ማለት ነው። በጃፓንኛ አስጽፎ በስልክ ማሳየት ደግሞ ይበልጣል።

መፍትሔው ሾጂን ርዮሪ ነው፤ የቡድሃ መነኮሳት የሚመገቡት ምግብ ማለት ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት አይነካውም፤ መረቁ የሚወጣው ከኮምቡ፣ ማለትም ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፤ ይህን ስነግራት እናቴ «ታዲያ ወጡ በምን ይቁላላል?» ብላ ተደንቃለች። በርዮአንጂ ግቢ ውስጥ ራሱ የተቀቀለ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) የሚያቀርብ ቤት አለ፤ ልጆቹን እኩለ ቀን ላይ እዚያ ያብሉ። የማጥቀሻው ሶስ ዓሣ ሊኖርበት ስለሚችል እዚያም ቢሆን ይጠይቁ። እናትዎ ግን እንደ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በጃፓን ብዙ ምግብ ቤቶች ከስምንት ሰዓት በኋላ ምሳ ማቅረብ አቁመው እስከ ማታ ይዘጋሉ። በሚገድፉበት ሰዓት የሚበሉበት ቤት ያጣሉ ማለት ነው። ገበያውን ለከሰዓት ያቆየሁት ለዚህ ነው።

ከርዮአንጂ 59 ቁጥር አውቶቡስ ወደ መሐል ከተማ ይመልሳችኋል፤ ሺጆ ካዋራማቺ ላይ ወርደው በምሥራቁ ጫፍ ወደ ኒሺኪ ይግቡ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሱ ጥሩ ነው። ገበያው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጣሪያ የለበሰ፣ 390 ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን መንገድ ሲሆን፣ ከ100 በላይ ሱቆች ግራና ቀኝ ተደርድረውበታል። በ1615 በይፋ የዓሣ ገበያ እንዲሆን የተፈቀደለት ሲሆን፣ ለዚህ ያበቃውም ከሥሩ የሚወጣው ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውኃ ነው፤ በረዶ ቤት ባልነበረበት ዘመን ዓሣው የሚቆየው በዚያ ውኃ ነበር። ዛሬም ዓሣው ብዙ ነው፤ በእንጨት የተሰካ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የድርጭት እንቁላል የተከተተ ትንሽ ኦክቶፐስ ሲያዩ ልጆችዎ መጮኻቸው አይቀርም።

ለጾመኛ ግን ከሚያስቡት በላይ አለ። መጀመሪያ ዩባ ይፈልጉ። የአኩሪ አተር ወተት ሲሞቅ ከላይ የሚንሳፈፈው ስልባቦት ነው፤ እንደ ስስ ጨርቅ እያነሱ ያጣጥፉታል፣ ትኩሱን በጥቂት ሾዩ፣ ማለትም በአኩሪ አተር ሶስ ይበሉታል። እናቴ የላም ወተት እንዳልሆነ እስክታምን ድረስ ሁለት ጊዜ አስጠይቃኛለች፤ ከዚያ ግን ሦስት ደገመች። ቀጥሎ በሩዝ ፉርሽካ ውስጥ ተቀብሮ የኮመጠጠው አትክልት አለ፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ የሚቀበልዎት ሽታ የቡኮ ሽታ ነው። እንደ ቆሎ የተቆላ ጥቁር አኩሪ አተርም በከረጢት ይሸጣል፤ ይህን ለመንገድም ይያዙ። ነጭ ሩዝ ገዝተን ከኮምጣጣው ጋር፣ ከአገር ቤት በመጣች ሚጥሚጣ ነስንሰን ሰጠናት፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሚጥሚጣ አይርሱ፤ ቋንጣ ግን ለልጆቹም ቢሆን በሻንጣ እንዳይገባ፣ የሥጋ ውጤት ያለ ማረጋገጫ ወረቀት ወደ ጃፓን ማስገባት ክልክል ነው። ለማይጾሙት ልጆች ደግሞ ተጠቅልሎ የሚጠበሰው ዳሺማኪ የተባለ እንቁላል ተወዳጅ ነው።

በገበያው ውስጥ እየተራመዱ መብላት እንደ ነውር ይታያል፤ የገዙትን እዚያው ሱቁ ፊት ለፊት ቆመው ጨርሰው፣ ቆሻሻውን ለሻጩ ይመልሱ፤ መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ አያገኙም። ጥሬ ገንዘብም ይያዙ። ለቤት ዕቃ ከፈለጉ በ1560 የተመሠረተው አሪትሱጉ የተባለው ቢላ ቤት እዚያው ነው፤ የገዙት ቢላ ላይ ስም ይቀርጹልዎታል፤ በእጅ ሻንጣ ግን እንዳይዙት። ሱቆቹ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መዝጋት ይጀምራሉ፤ ረቡዕና እሑድ የሚዘጉም አሉ፤ ስለዚህ ቀኑን መምረጥ የሚችሉ ከሆነ ከእነዚህ ውጭ ያድርጉት።

ኪዮሚዙዴራ የተባለውን ቤተ መቅደስ ያልጠቀስኩት ስለማልወደው አይደለም፤ በ1633 እንደገና የተሠራው የእንጨት ሰገነቱ አስደናቂ ነው። ነገር ግን አቀበቱ ከባድ፣ ሕዝቡም እጅግ ብዙ ነውና ለእናትዎ አይሆንም። ማታ የልጆቹ ጉልበት ከተረፈ ግን ፉሺሚ ኢናሪ የተባለው የሺንቶ (የጃፓን ጥንታዊ እምነት) መቅደስ ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው፣ የመግቢያ ክፍያም የለውም፤ ከኪዮቶ ጣቢያ በጄ አር ናራ መስመር ሁለተኛው ማቆሚያ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩት ቀይ በሮች ነጋዴዎችና ድርጅቶች የሰጧቸው ናቸው፤ በጀርባቸው የሰጪው ስምና ቀኑ ተጽፏል። ተራራውን ሳይወጡ የመጀመሪያዎቹን በሮች አይቶ መመለስ ይቻላል። እኛ አልሄድንም፤ ከኒሺኪ በምዕራቡ ጫፍ ወጥተን፣ ሺጆ ላይ ምድር ባቡር ይዘን፣ ሁለት ጣቢያ ተጉዘን ኪዮቶ ጣቢያ ደረስን። ወደ ኦሳካ በሚመለሰው ባቡር ላይ ልጆቼ ተኝተው ሳለ እናቴ ጥቁሩን ቆሎ እየቆረጠመች «ነገ ያንን ጠጠር ሲያርሱት በማለዳ መጥተን ማየት አይቻልም?» ብላ ጠየቀችኝ።