ትኩሳቱ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ

ውድ ወጣት ሐኪሞችና ተመራማሪዎች፣

የካንሰር ሕሙማን በሚተኙባቸው ክፍሎች ብዙ ዘመን ካሳለፍኩ በኋላ ልጽፍላችሁ የወደድኩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ሲታመም ሰውነቱ የሚያሳየው ምልክት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ያችን ጥቂት ምልክት ከነሰዓቷ መዝግቦ መያዝ የምርምራችን መነሻ መሆኑን ነው።

በወጣትነቴ ተረኛ ሳለሁ፣ ለደም ካንሰር ኬሞቴራፒ ከጀመረ አሥር ቀን የሆነው አንድ ልጅ ማምሻውን አተኮሰው። ጉሮሮውን አየሁ፣ ሳንባውን አዳመጥኩ፣ ራጅም አስነሣሁት፤ መግል የለም፣ አክታ የለም፣ ያበጠ ነገር የለም። የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ፓራሲታሞል አዘዝኩለት። ትኩሳቱ ወረደ፤ እናቱም መረቀችኝ። ሊነጋ ሲል የደም ግፊቱ ወደቀ፣ ረፋዱ ላይ አረፈ። መግል የሚሆኑት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች እንደሆኑና ኬሞቴራፒው እነርሱን ሲጨርሳቸው ኢንፌክሽን ያለ መግልና ያለ እብጠት እንደሚገድል ተምሬ ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን ትምህርቴ አልደረሰልኝም። በኋላ ካርዱን ስገልጥ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ የሚናገር አንድ መስመር አጣሁ። እናቱ ከቀትር ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለው እንደነበር ታውቅ ኖሯል፤ የጠየቃት አልነበረም።

የካንሰር ሕሙማንን ኢንፌክሽን የሚያጠናው ይህ የምርምር ዘርፍ መሠረቱን የጣለው በትዕግሥት በመቁጠር ነው። ጄራልድ ቦዴይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት የ52 አጣዳፊ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ሕሙማንን የነጭ ደም ሴል፣ በተለይም የኒውትሮፊል፣ ቁጥር ከያዛቸው ኢንፌክሽን ጋር አስተያይተው፣ ቁጥሩ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1000 በታች ሲወርድ አደጋው እንደሚጨምር፣ ከ100 በታች ሲሆን እጅግ እንደሚከፋ፣ ዝቅ ብሎ የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ መጠንም ከኢንፌክሽን የሚያመልጥ ሕመምተኛ እየጠፋ እንደሚሄድ አሳዩ። ለዚህ ሥራ የደም ቆጠራና በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ በቃቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በባልቲሞር ስቲቨን ሺምፍና ባልደረቦቹ፣ የካልቸር (ከደም ጀርም የማሳደግ ምርመራ) ውጤት ሳይጠበቅ ትኩሳቱ እንደታየ ካርበኒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች መስጠት ምን እንደሚያስገኝ አሳተሙ፤ በዚያ ዘመን ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ የገባባቸው ብዙ ሕሙማን ውጤቱ ከላቦራቶሪ ሳይመለስ ይሞቱ ነበርና። ዛሬ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በ60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጥ የምንለው ከዚያ በተወረሰ ትምህርት ነው።

እናንተም ምርምር ለመጀመር ውድ መሣሪያ እስኪገዛ አትጠብቁ። ትኩሳቱ ቤት ውስጥ የጀመረበትን ሰዓት፣ ሕመምተኛው የደረሰበትን ሰዓት፣ የኒውትሮፊሉን ቁጥር፣ ለካልቸር ደም የተቀዳበትን ሰዓትና መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ የገባበትን ሰዓት ጻፉ። የታዘዘበትን ሰዓት ብቻ የጻፈ መዝገብ ያሳስታል፤ በማዘዝና በመስጠት መካከል አስታማሚው የሐኪም ማዘዣ ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የሚዞርበት ጊዜ አለ፣ ያም ጊዜ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው። ቤተሰቡ ትኩሳቱን «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ አጠጥቶ ቢያሳድረው አትቆጡ፤ ቀድሞ የነገረው ሰው ከሌለ ከየት ያውቃል? ከመውጣታቸው በፊት ቴርሞሜትር ማንበብ አስተምሯቸው፤ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ፣ ትኩሳቱን በማስታገሻ እንዳይሸፍኑትም ንገሯቸው።

ከሌላ አገር መመሪያ ስትቀዱ የአገራችሁን አፈር አትርሱ። በባዶ እግር ሲኬድ በቆዳ የሚገባው ስትሮንጂሎይድስ የተባለ ትል በሰው ሆድ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ ለካንሰር ሕክምና ፕሬድኒሶሎንን ወይም ዴክሳሜታሶንን የመሰለ የመከላከል አቅም የሚያዳክም ስቴሮይድ ሲሰጥ፣ ትሉ ተባዝቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት ይሠራጫል፣ የአንጀት ባክቴሪያንም ይዞ ደም ውስጥ ይገባል። የሚያድነው አይቨርመክቲን ለዓይነ ስውርነት ለሚዳርገው የኦንኮሰርኪያሲስ በሽታ በገጠራችን ሲታደል የኖረ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው የት እንዳደገ ጠይቁ። ሳንባ ነቀርሳንም እንዲሁ አስቀድማችሁ ፈልጉ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ዣን ክላስተርስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ኒውትሮፊሉ አንሶ ላተኮሰው የካንሰር ሕመምተኛ ባሳተሙት መመዘኛ መሠረት፣ ከጠቅላላው 26 ነጥቦች 21 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሕመምተኛ ለከባድ ችግር የመጋለጥ ዕድሉ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ቤቱ ሆኖ ሊታከም ይችላል። ከሆስፒታል ያለው ርቀት ግን ከነጥቦቹ አንዱ አይደለም። 23 ነጥብ አግኝቶ ቤቱ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ የሆነን ገበሬ ወዴት ነው የምንልከው? ይህን በራሳችን ሕሙማን ልታጠኑት ይገባል። በከተማው ዘመድ ዘንድ እንዲያርፍ ስታሰናብቱት የዘመዱንም ስልክ ጨምራችሁ ያዙ፤ በማግስቱ ጠዋት ደውሉና የሰማችሁትን ከነሰዓቱ ጻፉ።