ቤዝ ጊታር ምን ያህል ከፍ ተደርጎ ይያዝ?

ወንድሜ፣ ጎንደር ውስጥ በሠርግ ባንድ እንደምትጫወት ጽፈሃል። ቤዙን ዝቅ ስታደርገው ያምርብሃል፣ ግራ አንጓህን ግን ያምሃል።

እኔ ምቾቱን አስቀድም እላለሁ። ቤዙ በጣም ሲወርድ ግራ አንጓህ የግድ ይታጠፋል። በታጠፈ አንጓ ጣት ዘርግቶ ሰፋፊዎቹን ፍሬቶች (የቤዙ አንገት ላይ በቀጫጭን ብረቶች የተከፈሉትን ቦታዎች) መያዝ ጅማት ይጎዳል። የጎንደር ሠርግ ደግሞ እስክስታው አንዴ ከደራ ማን ያቆመዋል!

እንዲህ ሞክረው። ተቀምጠህ ቤዙን ጭንህ ላይ አድርግ። ማንገቻውን እስኪወጠር አሳጥረው። ስትነሳ ቤዙ እዚያው ከፍታ ላይ ይቀራል። ከዚያ ዝቅ ማድረግ ካማረህ በትንሽ በትንሹ አውርደው፤ ግራ አንጓህ መታጠፍ ሲጀምር አቁም። የቤዙን አንገት ትንሽ ወደ ላይ ማዘንበልም ይረዳል። ከልክ በላይ ከፍ ካደረግከው ደግሞ ቀኝ አንጓህ ይታጠፋል፣ እሱንም እያየህ።

ስታይሉ አያስጨንቅህ። የእንግሊዙ ባንድ የ«ዘ ክላሽ» ቤዝ ተጫዋች ፖል ሲሞነን በጣም ዝቅ አድርጎ ይይዝ ነበር፣ የሌላው የእንግሊዝ ባንድ የ«ሌቭል 42» ቤዝ ተጫዋች ማርክ ኪንግ ደግሞ ደረቱ አካባቢ። ሁለቱም አምሮባቸዋል።

ብዙ ቤዞች 4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝኑ ሰፊ የቆዳ ማንገቻ ግዛ፤ ትከሻህ ያመሰግንሃል። ሕመሙ ካልለቀቀህ ግን ሐኪም ይየው።