ብርሃን የመንጋጋን አጥንት ያሳድጋል?

ጥያቄ፦ ታችኛው መንጋጋዬ ላይ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ሊተከልልኝ ነው። ሐኪሙ «በሌዘር ብርሃን አጥንቱ ቶሎ ይይዘዋል» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ተስፋ አለው፤ ዋስትና ግን አይደለም። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን፣ ለምሳሌ የሞገድ ርዝመቱ 810 ናኖሜትር የሆነ፣ የአጥንት ሠሪ ሴሎችን ሚቶኮንድሪያ (የሴሉን ኃይል የሚያመነጩ ክፍሎች) ያነቃቃል። በእንስሳት ላይ ጥሩ ውጤት ታይቷል፤ በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን አይስማሙም። ወሳኙ መጠኑ ነው፦ ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛ ሴሉን ያዳክማል። ስለዚህ የሞገድ ርዝመቱንና በካሬ ሴንቲሜትር ስንት ጁል (የኃይል መለኪያ) እንደሚሰጥዎ ይጠይቁ። የጥርስ ሙሌት የሚያደርቀው ሰማያዊ መብራት ለዚህ አይሆንም! መከላከያ መነጽርም ያድርጉ።

የላላን ኢምፕላንት ብርሃን አያድነውም። ከ150 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ ከተነቃነቀ በአጥንት ፈንታ ለስላሳ ሥጋ ይከበዋል። ሐኪሙ እስኪፈቅዱልዎ በዚያ በኩል ቆሎ አይቆርጥሙ፤ ሲጋራ ካለም እባክዎ ያቁሙ።