በስም ጎን ያለች የእርሳስ ነጥብ

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ወንበር ላይ። መጀመሪያ ፐርሶኔል ይባል ነበር፣ ኋላ የሰው ኃይል አስተዳደር ተባለ። ድርጅት ቀያይሬያለሁ፣ ሥራው ግን ያው ነው። ቅጥር፣ ዝውውር፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስንብት በእጄ አልፏል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ስላየሁት አድልዎ ነው። ሰው በዘሩ፣ በብሔሩ፣ በቆዳው ቀለም ከሥራ ስለሚገፋበት።

ከራሴ ልጀምር። ገና ወጣት ሳለሁ የቀን ሠራተኞች ልንቀጥር ነበር። የአመልካቾችን ዝርዝር ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። እሱ እርሳስ አነሳና ስሞቹን ቁልቁል እያየ ከአንዳንዱ ጎን ትንሽ ነጥብ አደረገ። የአባት ስም ያያል፣ የአያት ስም ያያል፣ ነጥብ። ሁለቱን ያልፋል፣ ሦስተኛው ላይ ነጥብ። አንዲት ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም። ቢሮዬ ተመልሼ ነጥብ የሌለባቸውን ብቻ ጠራሁ። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ደግሞ ነጥቦቹን በላጲስ አጠፋኋቸው። አጥፋ ያለኝ ሰው የለም። እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የተዘለሉት ከየትኛው ብሔር እንደሆኑ አልጽፍም። ብጽፍ ገሚሳችሁ «የኛ ናቸው» ትላላችሁ፣ ገሚሳችሁ «የነሱ ናቸው» ትላላችሁ፣ ዋናው ነገር መሀል ላይ ይጠፋል። በኔ ዘመን እርሳሱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዞር አይቻለሁ። ነጥቡ ግን አልቀረም።

ይህን ያነሳሁት አድልዎ ስንት ጊዜ ድምፅ እንደሌለው እንድታውቁ ብዬ ነው። «በዘርህ ምክንያት አልቀጥርህም» የሚል አለቃ ከስንት አንድ ነው። የምትሰሙት «ከቡድኑ ጋር አይግባባም» ነው። «ባህሪው ያስቸግራል»፣ «ቦታው ተይዟል»፣ «የሙከራ ጊዜውን አላለፈም» ነው። እኔ ራሴ እነዚህን ቃላት ደብዳቤ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። አንዳንዴ እውነት ነበሩ። አንዳንዴ አልነበሩም።

ድሬ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከተማችን በፍቅሯ ትኮራለች፣ ኩራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ነው የገነባት። ገንደ ቆሬም ሆነ ከዚራ አንድ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛ ይሰማል፤ አንዳንዴም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ። «ድሬ ዘር አይቆጠርም» እንላለን። ሰፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ችግሩ ፋብሪካ በር ላይ ወይም ቢሮ ውስጥ ሲቆጠር ነው። የተገፋው ልጅ ሲናገር «አንተ ደግሞ ነገር አታምጣ፣ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይባላል። በፍቅራችን ስም አፉን እናዘጋዋለን። ስንት ልጅ እንዲህ ዝም ብሎ ወጣ።

አሁን ሕጉ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ ዘርን፣ ብሔርን፣ ቀለምን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትን ስም እየጠራ። አገራችን በ1966 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111ም በሥራና በሙያ የሚደረግ አድልዎን ይከለክላል። በየቀኑ የሚያገለግላችሁ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 14 አሠሪ በሠራተኞች መካከል እንዳያዳላ ይከለክላል። አንቀጽ 26 ደግሞ ለስንብት ምክንያት የማይሆኑትን ይዘረዝራል፤ ብሔር፣ ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ እርግዝና እያለ። እዚያው ላይ ብዙ ሰው የማያያት አንዲት ነገር አለች። በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብም ለስንብት ምክንያት አይሆንም። «ብናገር ያባርሩኛል» የምትሉትን ሕጉ አስቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ የምትዳኙት በሌላ አዋጅ ነው፣ እሱን ለይታችሁ ጠይቁ።

የሙከራ ጊዜም ቢሆን ልቅ አይደለም። ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የተፈቀደው ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ነው። የአያቱ ስም ስላልተወደደ አይደለም።

አልዋሻችሁም፣ ገና ያልተቀጠረ ሰው እጅ ላይ ያለው መሣሪያ ከተቀጠረው ያነሰ ነው። የኔን የእርሳስ ነጥቦች ማን ያስረዳ ነበር? ስለዚህ ለሥራ ስታመለክቱ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሱት። ያስገባችሁበትን ቀን ጻፉ። ፈተና ካለ ውጤቱ እንዲለጠፍ ጠይቁ።

ቋንቋ ላይ ግን አስተዋይ ሁኑ። እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ወይም መጋላ ሱቅ የሚሸጥ ሰው ሶማሊኛና ኦሮምኛ ይቻል ቢባል፣ ደንበኛውን ማናገር ሥራው ስለሆነ ነው። እሱ አድልዎ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ጆንያ የሚደረድር ሰው «አነጋገርህ የእገሌ አገር ሰው ያስመስልሃል» ተብሎ ከተመለሰ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቋንቋው ለሥራው ያስፈልጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል።

ካቻምና አንድ ልጅ ቤቴ መጣ። የሰፈር ልጅ ነው፣ አባቱን አውቀዋለሁ። የስንብት ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ በፌስታል ጠቅልሎታል። እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ብዙ ጊዜ ከፍቶ እንዳነበበው ያስታውቃል። የሺፍት ኃላፊው በሰው ፊት በብሔሩ ይሰድበው ነበር። ሁለቴ ለማኔጅመንት ተናግሯል፣ በአፉ። በሦስተኛው «የሥራ አፈጻጸም ጉድለት» ተብሎ ተሰናበተ። አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም።

ጥሩ ጉዳይ ነበር። ቀኑን አየሁት። አራት ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል።

«ለምን ቆየህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይጠሩኛል ብዬ ጠበቅሁ» አለኝ።

ወደ ሥራ መልሱኝ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ማለፍ፣ ያግደዋል። ከስንብት ጋር ለተያያዘ ክፍያ ስድስት ወር ስላለው ገንዘቡን መጠየቅ ይችል ነበር፣ ጠየቀም። እሱ የፈለገው ግን ሥራውን ነበር። በብሔር ምክንያት የተሰናበተን ሰው ሕጉ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ካሣ ተቀብሎ መልቀቅ ከፈለገም ምርጫው የራሱ ነው። ያ ልጅ ያን ምርጫ ያጣው ጨዋ ሆኖ በመጠበቁ ነው። ብዙ የስንብት ደብዳቤ የጻፍኩ ሰው ነኝና እመኑኝ፣ ማንም አይጠራችሁም።

ሁለተኛው ስህተቱ በአፉ መናገሩ ነው። በአፍ የተነገረ አቤቱታ እኛ ቢሮ ውስጥ እንዳልነበረ ይቆጠር ነበር። አንዲት ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሰማ። ስድቡን ሳታለሳልሱ እንዳለ ጻፉት። አቤቱታ ስታስገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት ትሰጣላችሁ፣ በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን አስመትታችሁ ቤታችሁ ታስቀምጣላችሁ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ፣ ደረሰኝ ባለው የፖስታ ቤት አደራ ደብዳቤ፣ ላኩት። ከሁሉም በላይ ግን ንጽጽር ያዙ። እሱም ሦስት ቀን አርፍዷል፣ እኔም ሦስት ቀን አርፍጃለሁ፣ እሱ ተመከረ፣ እኔ ተባረርኩ። ፍርድ ቤት ፊት አሠሪው ያሰናበተበትን ሕጋዊ ምክንያት ማሳየት ይጠበቅበታል። የናንተ ደብተር ምክንያቱ ለምን ለናንተ ብቻ እንደሠራ ይጠይቅላችኋል።

ስድቡ ከብዶባችሁ ራሳችሁ መልቀቅ ከፈለጋችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። የቀረ ሰው «ሥራ ጥሎ የሄደ» ይሆናል። ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ሲፈጸምባችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት አላችሁ። ግን ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ፣ መብቱም ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ15 የሥራ ቀን በኋላ ይቀራል። አጭር ናት፣ ያዟት።

ሠራተኛ ማኅበር ካለ ለተወካዩ ንገሩ። ከሌለና አሥር ሠራተኛ ካላችሁ ማቋቋም ትችላላችሁ። ሰው አሁንም «ሠራተኛና ማኅበራዊ» እያለ የሚጠራው ቢሮ ጋ ሄዳችሁ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ጠይቁ። ፍርድ ቤቱም ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አያስከፍልም። ይህን ባለማወቅ ስንት ሰው «ገንዘብ ከየት አመጣለሁ» ብሎ ቤቱ ተቀምጧል።

ባለፈው ወር የዚያ ልጅ እህት መጣች። ከሌላ ድርጅት ነው የተሰናበተችው። የሚያቃጥል ከሰዓት ነበር። ሻይ ቀረበላት፣ አልጠጣችም፤ ቀጥታ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ወንድሟ ነው እንድትጽፍ የነገራት። ገጾቹን አገላበጥኩ። ቀን አለ፣ ሰዓት አለ፣ የሰሙ ሰዎች ስም አለ። ማኅተም ያረፈበት የአቤቱታ ቅጂ መሀል ላይ ተጣጥፎ ገብቷል።

ከተሰናበተች ስንት ቀን እንደሆናት ጠየቅኋት።

«19» አለች።

መነጽሬን አደረግሁና ክሱን መጻፍ ጀመርን።